ስስ ጃኬት ዶፍን እንዴት ይችላል?

በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ በልደታ የቀላል ባቡር ጣቢያ አካባቢ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው፣ የአዲስ አበባ ነዋሪ ዝናብን የሚከላከልባቸውን ዘዴዎች በአንድ ሥፍራ ተሰብስበው ሊያያቸው ይችላል። ጃንጥላ የዘረጋ አለ፤ ፌስታል ራሱ ላይ ያጠለቀ ተማሪ አለ፤ ጋቢያቸውን ደርበው ከቅድስት ልደታ ቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አዛውንት አሉ። በመካከላቸውም በተለምዶ «የዝናብ ጃኬት» የምንለውን፣ ስስና ቀላል፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሸውን ልብስ የለበሱ ወጣቶች አሉ። የሦስቱን ወጣቶች ጃኬት ከሩቅ ስናየው አንድ ዓይነት ነው። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ከወረደ በኋላ ግን አንዱ ደረቅ ነው፤ የሁለተኛው ሸሚዝ ሳይቀር በስብሷል፤ ሦስተኛው ደግሞ አንዲት የዝናብ ጠብታ ሳትገባበት በገዛ ላቡ ረጥቧል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ የፊዚክስንና የኬሚስትሪን በር ያስንኳኳል። የወላጅ ኪስንም ይነካል። ተማሪ ለአንድ ጃኬት የሚያወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም ዕቃውን የሚመርጠው በቀለሙና በደረቱ ላይ ባለው ምልክት እንጂ ጨርቁ በሚሠራበት መንገድ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ስለ ጨርቁ አሠራር የምናውቀውን ለማካፈል እንሞክራለን።

ገሳ፣ ቡርኖስና ጋቢ

ዝናብን በልብስ መከላከል ለአገራችን ደገኛ አዲስ ጉዳይ አይደለም። እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳ ከእንግጫና ከመሰል ሣር የሚሠራ ሲሆን፣ ጥበቡም ከሣር ክዳን ቤት ጥበብ ጋር አንድ ነው። ገሳ በመካከሉ ሺህ ክፍተቶች አሉት፤ ሆኖም ሣሩ ሁሉ ወደ ታች የተኛ ስለሆነ ጠብታው ክፍተቱን ከማግኘቱ በፊት ዘንጉን ተከትሎ ይወርዳል። ገሳ ውሃን አይዘጋም፤ መንገድ ያሳየዋል እንጂ። ይህንን ነጥብ አንባቢያችን እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

የመንዝ በግ ጠጉር የሚፈተልበት ቡርኖስ በሌላ መንገድ ይሠራል። የበግ ጠጉር በተለመደ የአየር እርጥበት ከክብደቱ 16 በመቶ ገደማ ውሃን በተን መልክ በውስጡ ይይዛል፤ ጥጥ 8 በመቶ ገደማ፣ ናይለን 4 በመቶ፣ ፖሊስተር ደግሞ ከግማሽ በመቶ በታች ይይዛሉ። ስለዚህ ቡርኖስ የለበሰ ሰው ልብሱ እርጥበት ቢጠጣም ቶሎ ቅዝቃዜ አይሰማውም። የቡርኖስ ችግር ክብደቱ ነው፤ ከዶፍ በኋላ ደግሞ ይብሳል።

ጋቢን በተመለከተ የሚያሞቀን ጥጡ ሳይሆን በአራቱ ንብብር መካከል የታሰረው አየር ነው። የአየር ሙቀት አስተላላፊነት ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ከሃያ እጥፍ በላይ ያነሰ ነው። ጋቢው ሲረጥብ የአየሩን ቦታ ውሃ ይወስደዋል፤ ያ ሙቀት ጠባቂ ልብስም ሙቀታችንን የሚሰርቅ ይሆናል። ለብርድ ጋቢን የሚያህል የለም ብንል ብዙ ሰው ይስማማናል። ለዝናብ ግን አይሆንም።

አርባ ግራም የማይሞላ ክር

የዘመናዊው ጃኬት ጉዞ የሚጀምረው ከናይለን ነው። ዋላስ ካሮዘርስ የተባለው አሜሪካዊ ኬሚስት በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ ናይለንን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1935 ነበር። ጥጥ አጫጭር ጭረቶች ተገምደው የሚፈተል ሲሆን፣ ናይለንና ፖሊስተር ግን ቀልጠው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲገፉ ያለማቋረጥ የሚወጡ ረጃጅም ክሮች ናቸው። ክሩ ሲሳብ ሞለኪውሎቹ በርዝመቱ አቅጣጫ ይደረደራሉ፤ ጥንካሬውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

የክሩ ቅጥነት የሚለካው ዴኒየር በሚባል መስፈርት ነው። አንድ ክር 9,000 ሜትር ያህል ሲረዝም የሚመዝነው ግራም ዴኒየሩ ነው። ለስስ ጃኬት የሚውል ክር 20 ዴኒየር ያህል ሊሆን ይችላል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት በልደታ በኩል የሚያልፈውን የምሥራቅ–ምዕራብ የባቡር መስመር እናስብ። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለ 20 ዴኒየር ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ብንዘረጋ ክሩ በሙሉ የሚመዝነው 38 ግራም ብቻ ነው። ከዚህ ክር በድርም በማግም በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 60 ያህል ጥቅጥቅ አድርገን ብንሸምን፣ አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ 27 ግራም ገደማ ይሆናል። ጋቢ በአንጻሩ ከኪሎ ያልፋል።

እንዲህ የሳሳ ጨርቅ አንድ ጊዜ ሚስማር ከያዘው ተተርትሮ እንዳያልቅ ሸማኔው አንድ ዘዴ አለው። በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ አንድ ወፈር ያለ ክር በድርና በማግ ያስገባል። ጃኬታችሁን ወደ ብርሃን አቅርባችሁ ብታዩት እንደ ሒሳብ ደብተር ጥቃቅን አራት ማዕዘኖች የሚታዩት ለዚህ ነው። ቀዳዳው ከተጀመረበት አራት ማዕዘን ወፍራሙ ክር ጋ ሲደርስ ይቆማል። ዘዴው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፓራሹት ጨርቅ የተስፋፋ ነው።

ጠብታው በጎመን ቅጠል ላይ

ጨርቁ ምንም ያህል ጥቅጥቅ ቢል በክሮቹ መካከል ክፍተት አለ። ለምሳሌ የክፍተቱ ስፋት 50 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር ሃያኛ ነው እንበል። የውሃ ሞለኪውል ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ታዲያ ውሃው ለምን አያልፍም?

መልሱ ጓሮ ውስጥ ይገኛል። ጠዋት ጤዛ ያለበት የጎመን ቅጠል ላይ ውሃው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይንከባለላል እንጂ ቅጠሉን አያርሰውም። የቅጠሉን ገጽ በጣታችን አሸት አሸት አድርገን እንደገና ውሃ ብናንጠባጥብበት ግን ይረጥባል፤ ምክንያቱም ሰም መሰሉን ስስ ሽፋን አንስተነዋል። የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ይሳሳባሉ፤ ገጻቸውም የተወጠረ ያህል ይሆናል። ጠብታው ያረፈበት ነገር ከዚህ መሳሳብ የበለጠ ካልሳበው፣ ጠብታው ራሱን ሰብስቦ ክብ መሆንን ይመርጣል። ጠብታው ከገጹ ጋር የሚፈጥረው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ከበለጠ ገጹ ውሃን ይገፋል እንላለን።

የጃኬት ጨርቅም ከፋብሪካ ሲወጣ ክሮቹ በእንዲህ ዓይነት ውሃ ገፊ ቅብ ይቀባሉ። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ክፍተቱ ለመግባት መገፋት ይኖርበታል። የሚያስፈልገው ግፊት የሚሰላው የውሃውን የገጽ ውጥረት በአራትና በማዕዘኑ ኮሳይን አባዝቶ ለቀዳዳው ስፋት በማካፈል ነው። የገጽ ውጥረቱን 0.072 ኒውተን በሜትር፣ ማዕዘኑን 110 ዲግሪ ብንወስድ፣ ለ50 ማይክሮን ቀዳዳ የምናገኘው 2,000 ፓስካል ገደማ ነው። ይህም 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ውሃ የሚያሳድረው ግፊት ነው።

ይህች ቁጥር ብዙ ነገር ትፈታልናለች። የካፊያ ጠብታ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሲሆን በሰኮንድ 2 ሜትር ያህል ፍጥነት ይወርዳል። ይህ ፍጥነት ጨርቁን ሲመታ የሚፈጥረው ግፊት፣ ከፍጥነቱ ካሬ ግማሽ በውሃ ጥግግት ሲባዛ፣ 2,000 ፓስካል ነው። ቀዳዳው ከሚችለው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም! የሐምሌ ዶፍ ግን ሌላ ነው። 5 ሚሊ ሜትር የሚሰፋው ትልቅ ጠብታ በባሕር ጠለል በሰኮንድ 9 ሜትር ያህል ይጓዛል። አዲስ አበባ ደግሞ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሯ ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ጠብታውን የሚያቅበው ኃይል ያንሳል፤ ፍጥነቱም ወደ 10 ሜትር ይጠጋል። ግፊቱ 50,000 ፓስካል፣ ማለትም የ5 ሜትር የውሃ ቁመት ይሆናል። ይህ የሚቆየው ከቅጽበት ላነሰ ጊዜ ስለሆነ ከቆመ ውሃ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር አይቻልም። ያም ሆኖ በካፊያ ጊዜ ደረቅ ያቆየን የንፋስ ጃኬት በዶፍ ለምን እንደሚከዳን ግልጽ ነው። የሁለተኛው ወጣት ጃኬት ምሥጢር ይህ ሊሆን ይችላል፤ ጃኬቱ አልተበላሸም፤ ሲሠራም ለዶፍ አልተሠራም።

ቀዳዳውን ማጥበብ

መፍትሔው አንድም ቀዳዳውን ጨርሶ መዝጋት፣ አንድም እጅግ ማጥበብ ነው። የመጀመሪያውን መንገድ የያዘው ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ማኪንቶሽ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1823 በናፍታ የሟሟ ጎማ በሁለት ጨርቆች መካከል አድርጎ ውሃ የማያሳልፍ ልብስ የፈጠራ መብት አገኘ። ልብሱ በሙቀት ይለሰልስና ይጣበቅ፣ በብርድ ይደርቅ ነበር። ከሁሉም በላይ ላብን አፍኖ ያስቀራል። ዛሬ በየመንገዱ የሚሸጠው የላስቲክ የዝናብ ልብስ የእሱ የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች በብርዳሙ ባሕር ላይ ለሚወድቁ አብራሪዎቻቸው ልብስ ሲፈልጉ ወደ ጥጥ ተመለሱ። እጅግ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተሸመነ ጥጥ ሲረጥብ ክሮቹ ያብጣሉ፤ ክፍተቱንም እርስ በርሳቸው ይዘጋሉ። ደረቅ ሲሆን የሚተነፍስ፣ ሲረጥብ የሚዘጋ ጨርቅ! እኛ በግላችን ከዚህ ሁሉ ታሪክ ይህንን ብልሃት አብልጠን እናደንቃለን፤ አንዳች አዲስ ኬሚካል ሳይጨምር የጥጥን ድካም ወደ ብርታት ለውጦታልና።

ዛሬ በስፋት የሚታወቀው መፍትሔ ግን የመጣው ከመጥበሻ ነው። ምግብ እንዳይያያዝበት መጥበሻ የሚቀባው ቴፍሎን እ.ኤ.አ. በ1938 ሮይ ፕላንኬት በአጋጣሚ ያገኘው ቁስ ነው። በ1969 ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ የዚህን ቁስ የጋለ ዘንግ ቀስ ብሎ ለመለጠጥ ቢሞክር እየተበጠሰ አስቸገረው፤ በመጨረሻ በኃይል ቢስበው ሳይበጠስ ብዙ እጥፍ ተለጠጠ። የተገኘው ነገር በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር በጥቃቅን ክሮች የተያያዘ፣ አብዛኛው አካሉ አየር የሆነ ስስ ገለፈት ነው። ጎርቴክስ የሚባለው ጨርቅ የተወለደው ከዚህ ነው።

የገለፈቱን ቀዳዳ ስፋት 0.2 ማይክሮን ብለን የቀደመውን ስሌት ብንደግመው ግፊቱ 490,000 ፓስካል ገደማ፣ ማለትም የ50 ሜትር የውሃ ቁመት ይሆናል። ከ20 ሴንቲ ሜትር ወደ 50 ሜትር የተሸጋገርነው ቁሱ ስለጠነከረ አይደለም፤ ቀዳዳው በ250 እጥፍ ስለጠበበ ነው። ዝናብን የሚከለክለው ውፍረት አለመሆኑን የምንለውም ለዚህ ነው። ገለፈቱ ራሱ በጣም ስስ በመሆኑ ብቻውን ሊለበስ አይችልም፤ ከውጭ በናይለን ወይም በፖሊስተር፣ ከውስጥ በስስ ገበር ይታቀፋል።

ጃኬቱ ላይ «10,000 ሚሊ ሜትር» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ጨርቁ 10 ሜትር የሚደርስ የውሃ ዓምድ እስኪጫነው አላሳለፈም ማለት ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን የደብተር ቦርሳ ትከሻ ላይ 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቦታ ቢይዝ የሚያሳድረው ግፊት የ1 ሜትር ውሃ ያህል ነው። ርካሽ ጃኬት በቅድሚያ በቦርሳው ማንገቻ ሥር የሚያስገባው ስለዚህ ነው።

ይሁን እንጂ ገለፈቱ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ ስፌቱ አለ። በአንድ ጃኬት 10 ሜትር ስፌት፣ በየሴንቲ ሜትሩ 4 የመርፌ ቀዳዳ ቢኖር በድምሩ 4,000 ቀዳዳ ይሆናል፤ እያንዳንዱም ከገለፈቱ ቀዳዳ በሺህ እጥፎች የሚሰፋ። ስለዚህ ጥሩ ጃኬት ከውስጥ በኩል ስፌቱን ተከትሎ በሙቀት የተለጠፈ ስስ ጥብጣብ አለው። በሰፈራችን ልብስ ሰፊ የተጠገነ ውድ ጃኬት የሚያፈሰው ሰፊው ባለሙያ ስላልሆነ ሳይሆን ጥብጣቡን የሚለጥፈው መሣሪያ ስለሌለው ነው።

ከውስጥ የሚመጣው ውሃ

አሁን ወደ ሦስተኛው ወጣት እንመለስ። ውሃ በፈሳሽነቱ የማያልፍበት ቀዳዳ ለተን ሰፊ በር ነው፤ ተን የተበታተኑ ሞለኪውሎች ስብስብ እንጂ ጠብታ አይደለምና። ተኑን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው በሁለቱ ወገን ያለው የተን ግፊት ልዩነት ነው። በቆዳችን አጠገብ 32 ዲግሪ የሞቀና በላብ የጠገበ አየር 4,750 ፓስካል ያህል የተን ግፊት አለው። በክረምት ከሰዓት በኋላ 15 ዲግሪ በሆነው የአዲስ አበባ አየር ውስጥ እርጥበቱ ሙሉ ቢሆን እንኳ የተን ግፊቱ 1,700 ፓስካል ብቻ ነው። ልዩነቱ 3,000 ፓስካል ስለሆነ ተኑ ይወጣል። ያንኑ ጃኬት በጋምቤላ በ28 ዲግሪ ዝናብ ብንለብሰው የውጩ ግፊት 3,800 ፓስካል ያህል ይሆናል፤ የሚቀረው ልዩነት ከአንድ ሺህ አይበልጥም። እዚህ የሚተነፍስ ጃኬት እዚያ ያፍናል፤ ጃኬቱ ግን ያው ነው። ከደጋ ውጭ ለሚጓዝ ሰው ብብቱ ሥር ዚፕ ያለው፣ ካልሆነም ሰፋ ያለ የላስቲክ ካባ ከውዱ ገለፈት ይሻለዋል ብንል አናጋንንም።

በደጋም ቢሆን ወሰን አለው። ብዙ አምራቾች ጨርቃቸው በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ካሬ ሜትር 10,000 ግራም ተን ያሳልፋል ይላሉ። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ለ24 ስናካፍለው ግን በሰዓት 417 ግራም ነው። የእንጦጦን ዳገት በሩጫ የሚወጣ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያልበው ይችላል። የተረፈው የት ይሂድ? በጃኬቱ ቀዝቃዛ የውስጥ ገጽ ላይ ወደ ውሃነት ይመለሳል። ባለቤቱም «ጃኬቴ አፈሰሰ» ይላል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህንን ነው። የውጩ ጨርቅ ውሃ ገፊ ቅቡን ሲያጣ ውሃ ይጠጣና በጨርቁ ላይ አንድ ወጥ የውሃ ንጣፍ ይሠራል። ከሥሩ ያለው ገለፈት አሁንም አንዲት ጠብታ አያሳልፍም፤ ነገር ግን በውሃ ስለተሸፈነ ተን ማውጣት ያቅተዋል፤ ጨርቁም ይቀዘቅዛል። የገሳው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ገለፈት ይዘጋል፤ ውሃውን መንገድ አሳይቶ የሚያሰናብተው ግን የውጩ ገጽ ነው። ያለ እሱ ውዱ ገለፈት ከማኪንቶሽ ጎማ ብዙ አይለይም።

የልባሽ ጃኬት ምርመራ

የልባሽ ጨርቅን ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ቢሆንም፣ ከልደታ በአብነት በኩል ወደ መርካቶ የሚወጣ ሰው ሳልባጅ ጃኬት ማየቱ አይቀርም። ብዙ ተማሪ ታዋቂ ምልክት ያለበትን የውጭ ጃኬት የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ከውጭ ሲታይ አዲስ የሚመስለው ጃኬት አንድ ክረምት ሳይጨርስ ውስጡ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይላጣል፤ አንዳንዴም ይጣበቃል። ሻጩ አታልሎ ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱም ላያውቅ ይችላል።

የብዙ ጃኬቶች የውስጥ ሽፋን ከፖሊዩሬቴን የተሠራ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ ኤስተር የሚባለው ትስስር አላቸው፤ ኤስተር ደግሞ ከአሲድና ከአልኮል የተሠራ ሆኖ ውሃ ሲያገኘው ወደ መጣበት ይፈርሳል። ሲፈርስ የሚወጣው አሲድ የቀረውን ያፋጥነዋል። ሙቀትና እርጥበት ያግዙታል። ቦንዳው ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ በኮንቴይነር ታሽጎ፣ የሞቃት ወደቦችን ወበቅ አልፎ የመጣ ጃኬት ይህ ሂደት የት እንደደረሰ ከውጭ አይታወቅም። ማንም ሳይለብሰው በሣጥን የተቀመጠ ጃኬትም ያረጃል።

ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት እጅጌውን ገልብጠን ውስጡን በአውራ ጣት አሸት እናድርገው። ከተጣበቀ፣ ነጭ ቅርፊት ካራገፈ ወይም የኮመጠጠ ሽታ ካለው እንተወው፤ የፈረሰ ትስስር በእጥበትም በካውያም አይመለስም። የስፌቱ ጥብጣብ ጫፉ ተነስቶ እንደሆነ እንይ። ጨርቁን አፋችን ላይ አጥብቀን እንተንፍስበት፤ አየር በቀላሉ ካለፈ ገለፈት የለውም፤ የንፋስ ጃኬት ነው። አየር ካላለፈ ገለፈት ወይም ሽፋን አለው ማለት ነው። የሚተነፍስ መሆኑን ለማወቅ ቤት ውስጥ ትኩስ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አፍ ላይ ጨርቁን ወጥረን፣ በላዩ ቀዝቃዛ ብርጭቆ እንድፋበት። የላይኛው ብርጭቆ ጉም ከለበሰ ተኑ እያለፈ ነው።

የፍሎሪን ጣጣ

ውሃ ገፊውን ቅብ በተመለከተ ሳንናገር የማናልፈው ጉዳይ አለ። ለብዙ ዓመታት የተሻለ ሆኖ የተገኘው ቅብ የካርቦንና የፍሎሪን ሰንሰለት ያለው ነው። ቅቡ ውሃንም ዘይትንም ይገፋል፤ ትስስሩም በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከሚታወቁት እጅግ ጠንካሮች አንዱ ነው። ችግሩም ጥንካሬው ነው፤ ከጃኬቱ በእጥበት ታጥቦ ወይም ተፍቆ የወጣው ነገር በአፈርና በውሃ ውስጥ ለመፍረስ እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ፔርፍሎሮኦክታኖይክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ2019 ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት የስቶክሆልም ስምምነት እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ጋር ተመዝግቧል። ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእነዚህ ውህዶች የተሠራ አዲስ ልብስ ሽያጭ ላይ ገደብ ጥለዋል፤ ጎር ኩባንያም ከ2022 ጀምሮ ፍሎሪን ከሌለው ፖሊኤቲሊን የተሠራ ገለፈት ለገበያ አቅርቧል።

ይህ በጎ ለውጥ ነው። ነገር ግን ሌላው ዓለም የተወው አሮጌ ጃኬት ሁሉ አልጠፋም፤ ከፊሉ በቦንዳ እየተጓዘ ነው፤ የሁለተኛ ዕድሜው እጥበትም የሚፈሰው በእኛ ቦይ ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ እንሰማለን። ከዚህ የተሻለ ርዕስ ብዙም አይታየንም።

በሰምና በሲሊኮን የተሠሩት አዳዲስ ቅቦች ውሃን በደንብ ይገፋሉ፤ ዘይትን ግን አይገፉም። ለእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ራስ ላይ የተቀባ ቅቤ ኮፍያውንና ኮሌታውን ሲነካ፣ የወጥ ዘይት እጅጌው ላይ ሲፈናጠቅ ቅቡ በዚያ ቦታ ይሞታል፤ ውሃም መግቢያውን ያገኛል። የመጀመሪያዎቹ የጎር ጃኬቶችም የገጠማቸው ከዚህ የማይርቅ ነበር፤ የሰውነት ቅባት ገለፈቱን እየበከለ ውሃ ስላስገባ፣ በኋላ ገለፈቱን በስስ ፖሊዩሬቴን ለመሸፈን ተገደዋል።

ማጠብና ማድረቅ

«የዝናብ ጃኬት ሲታጠብ ይበላሻል» የሚል እምነት አለ። ግማሹ እውነት ነው። የሚያበላሸው እጥበቱ ሳይሆን በጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ሳሙና ነው። የሳሙና ሞለኪውል አንዱ ጫፉ ቅባትን፣ ሌላው ጫፉ ውሃን ይወዳል፤ ቅባት ወዳዱ ጫፍ በቅቡ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ውሃ ወዳዱ ጫፍ ወደ ውጭ ይዞራል። ውሃ ገፊ የነበረው ገጽ ውሃ ጋባዥ ይሆናል ማለት ነው። የልብስ ማለስለሻ ደግሞ ከሳሙናም ይብሳል። በሌላ በኩል ጃኬቱን ጨርሶ አለማጠብ ላብና ቅባት እንዲከማችበት ማድረግ ነው። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ለብ ባለ ውሃ፣ ያለ በረኪና፣ ከዚያም ውሃው አረፋ ማውጣት እስኪያቆም ሦስትና አራት ጊዜ ማለቅለቅ ይበቃል።

ሲሰጣ ጥላ ይመረጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር የአልትራ ቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ በዚህ ስሌት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ትበረታለች። ጨረሩ የናይለንን ሰንሰለት ይቆራርጣል፤ ከመስቀል በኋላ ለሳምንታት ገመድ ላይ የተረሳ ጃኬት በእጅ የሚቀደደው ለዚህ ነው። በመስቀል ስም ካነሳን አይቀር፣ ደመራና ችቦ ካለበት በጃኬቱ ራቅ ማለት ይበጃል። ጥጥ ብልጭታ ሲያርፍበት ይጠቁራል፤ ናይለን ግን በ220 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የቀለጠውም ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ከደረቀ በኋላ በላዩ ንጹሕ ስስ ጨርቅ አንጥፈን ካውያውን በዝቅተኛው ሙቀት፣ ማለትም በ110 ዲግሪ ገደማ፣ ያለ እንፋሎት እናሳልፍበት። በመታጠብና በመታሸት የተኙት የቅቡ ሰንሰለቶች ሙቀት ሲያገኙ እንደገና ወደ ውጭ ይቆማሉ። ከዚያ ትከሻው ላይ በማንኪያ ጥቂት ውሃ እናንጠባጥብ። ውሃው በጎመን ቅጠል ላይ እንዳየነው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ጃኬቱ ለሚቀጥለው ዶፍ ዝግጁ ነው። ከተንሰራፋና ጨርቁን ካጠቆረው ቅቡ አልቋል፤ ገለፈቱ ደህና ከሆነ በሰም ወይም በሲሊኮን የተሠራ አዲስ ቅብ ሊቀባ ይችላል። ሲቀመጥም ተንጠልጥሎ ነው እንጂ እርጥቡን አጣጥፎ ፌስታል ውስጥ መክተት ያንን የኤስተር ትስስር ለውሃ አሳልፎ መስጠት ነው።